ሁለት ዐቢይ ጾምና አራት ቀን

አሳማ የምታረግዘው ለመቶ አሥራ አራት ቀን ነው። ይህን ለጀማነህ የነገረው ጎረቤቱ ዴል ነው፤ "ሦስት ወር፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ቀን" እያለ በወፋፍራም ጣቶቹ ቆጠረለት። ጀማነህ ስንት ዓመት አሜሪካ ኖሮም በፈረንጅ ወር አስቦ ነገር የሚይዝ ሰው አይደለም። አጥሩን ተደግፎ ለራሱ አሰላውና "ሁለት ዐቢይ ጾምና አራት ቀን" ብሎ ያዘው። ከዚያ ወዲህ አንዲት አሳማ የምትወልድበትን ሰሞን ስቶ አያውቅም። ቤት ገብቶ ለሚስቱ ለማንያህልሻል ሲነግራት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ደግሞ አማተበች።

"አንተ ሰውዬ፣ ጾሙን ለዚህ ታደርገው?" አለችው።

ጀማነህ ከገዳሪፍ የስደተኞች ካምፕ ተነስቶ ኮሎምበስ ሲገባ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር። ማንያህልሻልን ያገኛት እዚያው ካምፕ፣ የውሃ ሰልፍ ላይ ነው፤ ጀሪካኗን አስቀድሞላት ነው የተግባቡት፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው "ሰልፉን አሳልፎ ነው ያገባኝ" እያለች ታማዋለች። ግሮቭፖርት ከሚገኙት የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውሶች በአንዱ አሥራ አራት ዓመት ሠራ። ሥራህ ምንድነው ሲሉት "ካርቶን ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ" ይላል። አንድ ሰኞ ጠዋት ካርቶን ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። የወገብ ዲስክ ነው አሉት። ሦስት ወር ወንበር ላይ አስቀምጠው ወረቀት ሲያስለጥፉት ቆዩና አሰናበቱት።

ደግነቱ ቤት ነበራቸው። ወዳጅ ዘመዱ ሁሉ ግድግዳው ቀለም ቀለም የሚሸት አዲስ ቤት ሲገዛ፣ ማንያህልሻል ከካናል ዊንቸስተር ወዲያ፣ አምስት ኤከር መሬት ያለው፣ በረንዳው የዘመመ አሮጌ ቤት ካልገዛን ሞቼ እገኛለሁ አለች። ጎመንና በሶብላ የምተክልበት ቦታ እፈልጋለሁ ነው ነገሩ። ጀማነህ ያን ጊዜ አጉረምርሞ ነበር። ሥራ ሲያጣ ግን ያ መሬት ብቻ ቀረው።

መጀመሪያ ያሰበው በግ ነው። የትኛውም ሐበሻ መሬት ሲያገኝ የሚያስበው በግ ነው፤ ለፋሲካም ለመስቀልም ለዓረፋም ገዢ አይታጣም። አሥራ ሁለት በግ ገዛ። የዚያ አካባቢ መሬት ግን ውሃ አልለቅ የሚል ጭቃ ነው። ትሉ ከሣሩ ጋር ሆዳቸው እየገባ በአንድ ሰመር ዘጠኙ አለቁ። ጉድጓዱን በትራክተር ቆፍሮ ያስቀበረው ዴል ነው። ዴል ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹ ወደ ከተማ የሄዱበት፣ ዕድሜ ልኩን አሳማ ያረባ ሽማግሌ ነው። ጉድጓዱን ደፍኖ ሲጨርስ መሬቱን በጫማው መታ መታ አድርጎ "ይሄ የበግ መሬት አይደለም፣ የአሳማ መሬት ነው" አለው። በሳምንቱ ሁለት ሴት አሳሞች በፒክአፑ ጭኖ መጣ። ስጦታ ነው አለ።

ሰው ስጦታ ይዞ ደጅ ድረስ ሲመጣ አልፈልግም ይባላል እንዴ? ጀማነህ ባደገበት አገር አይባልም። ስለዚህ ጀማነህ የአሳማ አርቢ የሆነው አስቦበት አይደለም፤ ሽማግሌ ማሳፈር ከብዶት ነው። አሳሞቹን ተቀበለ፣ "ታንክ ዩ" አለ፣ ዴል ሲሄድ በረቱ በር ላይ ተቀምጦ ራሱን ያዘ። በልቶት አያውቅም፤ አይበላምም። አባቱ ቢሰማ በመቃብሩ ይገለበጥ ነበር።

ማንያህልሻል ያን ቀን በረቱ ጋ አልደረሰችም። በማግሥቱ ጠዋት የጎመኑን ግርድፍ ቅጠል ለቅማ ወስዳ ወረወረችላቸው። "የእግዜር ፍጥረት ይራብ እንዴ ታዲያ?" አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት። የመጀመሪያዋ ስትወልድ ዴል ጉንፋን ይዞት ተኝቶ ነበር። ጀማነህ ጓንት አድርጎ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲል፣ እሷ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችና የሚወጣውን ሁሉ በአሮጌ ፎጣ እያደራረቀች ጡት ላይ አስቀመጠች። አሥራ አንድ ነበሩ። አንደኛው አልተነፍስ ሲል በአፍንጫው እፍ አለችበት። ለሴቶቹ አሳሞችም ስም ያወጣችላቸው እሷ ናት፤ ትልቋን "ወይዘሮ"፣ ትንሿን "እመቤት" አለቻቸው።

ገበያው ከጠበቀው በላይ ሆነ። የአካባቢው ገበሬ ልጆች አሳማ አሳድገው ሰመር ላይ በካውንቲው ፌር፣ በዓመታዊው የእንስሳት ትርዒት፣ ይወዳደራሉ፤ ግልገሎቹን ሚያዝያ አካባቢ ከወላጆቻቸው ጋር እየመጡ ይመርጣሉ። የቀረው አድጎ ከከተማ ለሚመጡ ሜክሲኮዎች ለሠርግና ለልደት ይሸጣል። ጀማነህ እጁ የቀና አርቢ ሆነ። ጭዱን ቶሎ ቶሎ ይቀይራል፣ ግልገል በብርድ አይሞትበትም፣ ገዢን አይዋሽም። ከአሥራ አራት ዓመት ካርቶን ማንሳት ይልቅ እነዚህ አሳሞች አከበሩት። የቤቱ ዕዳ ሞርጌጁም የልጃቸው የቃልኪዳን ኮሌጅም የወጣው ከዚያ በረት ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን "ትንሽ ከብት አለችኝ" ይላል። ምን ከብት እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም፤ እሱም አይጨምርም።

አሁን ስለ ቁርባናቸው ልናገር፤ የዚህ ሰው ኀዘን ያለው እዚያ ነው። ጀማነህና ማንያህልሻል ካምፕ ውስጥ የተጋቡት በሽማግሌ ነበር። ኮሎምበስ ገብተው፣ ቃልኪዳን የስድስት ዓመት ልጅ ስትሆን፣ በቁርባን ተጋቡ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ሳያጓድሉ አብረው ይቆርባሉ። እሱ ከወንዶቹ ወገን፣ እሷ ከሴቶቹ ወገን ሆነው ያስቀድሳሉ፤ ከተቀበሉ በኋላ ሁለቱም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው መኪናው ጋ ይገናኛሉ። እቤት እስኪደርሱ አይነጋገሩም። ማንያህልሻል በዓመቱ ውስጥ ካለው ቀን ሁሉ የምትወደው ያቺን ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤታቸው ያለችውን ግማሽ ሰዓት ነው። "ከዚያ በላይ ሚስትህ ሆኜ አላውቅም" ብላዋለች አንድ ጊዜ።

አሳሞቹ በመጡ ዓመት ጸሎተ ሐሙስ ሲቃረብ ጀማነህ "ዘንድሮ እኔ ይቅርብኝ" አለ።

"ምን ሆነህ?"

"እጄን አታይውም? በምን እጄ ነው ወደ ቁርባኑ የምቀርበው?"

"ታጠበው።"

"ይሄ በውሃ የሚለቅ አይደለም።"

"እንግዲያው ቄስ ወልደየሱስን ጠይቃቸው። የነፍስ አባትህ አይደሉ?"

"ምን ብዬ? አሳማ አረባለሁ ብዬ?"

ማንያህልሻል የምትቆርብበትን ነጭ ቀሚስ አጣጥፋ ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰችው። "እኔም አልገባም" አለች። "አብረን ነው የገባንበት። ስትዘጋጅ ንገረኝ፣ እጠብቅሃለሁ።"

ብቻሽን ግቢ ብሎ ለመናት፤ አልሆነም። እሱ ደግሞ ጠይቅ ቢባል አይጠይቅም። ሁለት እልኸኞች አንድ ቤት ሲኖሩ እንዲህ ነው። የጀማነህ ሐሳብ ግን ለራሱ የተቃና ነበር፦ እየሠሩት ያለን ነገር ንስሐ መግባት በእግዜር ላይ መቀለድ ነው። መጀመሪያ አሳሞቹን እሸጣለሁ፣ በረቱን አጥባለሁ፣ ከዚያ ሄጄ ቄሱ እግር ሥር ወድቄ "አድርጌ ነበር፣ ተውኩት" እላለሁ አለ። "እያደረግሁ ነው" ማለት ግን አልችልም አለ። ማን እንዲህ ብሎ አስተማረው? ማንም። ከራሱ ጋር ተማክሮ ራሱን ከለከለ።

ታዲያ መሸጫው ጊዜ አልደርስ አለ። ለፌር የሚፈለገው ግልገል በጥር ወይም በየካቲት የተወለደው ነው። ስለዚህ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ወይ ግልገሎቹ ጡት አልተዉም፣ ወይ ልጆቹ ሊወስዷቸው ሳምንት ቀርቷቸዋል። ሲሸጡ ደግሞ "ወይዘሮ" አርግዛለች። ያረገዘች አሳማ አትሸጥም። ሁለት ዐቢይ ጾምና አራት ቀን እየተባለ ስድስት ዓመት ሄደ። በየዓመቱ ማንያህልሻል ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ዐይኑን ታየዋለች፤ "ይቺ ከወለደች በኋላ" ይላታል፤ "እሺ" ትለዋለች። ቅዳሴ ሲሄዱ እሷ ውስጥ ገብታ ታስቀድሳለች፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪና ማቆሚያው ነው የሚያደምጠው፣ የሚሸት ስለሚመስለው።

ነገሩን በግልጽ ያወራው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ድሮ ዌርሃውስ አብሮት ለሠራው፣ አሁን ትራክ ለሚነዳው ለጁነዲን። ጁነዲን በካናል ዊንቸስተር ባለፈ ቁጥር ጎራ ይላል፤ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ነው የሚያወራው።

"ጋሼ ጀማነህ" አለው አንድ ቀን፣ "እኔ ሙስሊሙ ካጥሩ ውጭ ቆሜ ሪላክስ አድርጌአለሁ፤ አንተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሆነህ ትቃጠላለህ። አትበላውም አይደል?"

"አልበላውም።"

"በቃ ቄሱን ኮል አድርጋቸዋ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ኢማሙን ምን የማንጠይቃቸው ነገር አለ? ሰው የጫማ ቆዳ ሳይቀር ይጠይቃል።"

"እናንተ ሌላ ናችሁ።"

"እኛ ምንም ሌላ አይደለንም። አንተ ነህ ኩሩ።"

ጀማነህ ተቀየመ። ኩራት መስሎት አያውቅም ነበር፤ ፍርሃት ነው የሚመስለው። ምናልባት ሁለቱም ነበሩበት።

ባለፈው መስከረም ማንያህልሻል ምግብ አልዋጥ አላት። ጨጓራ ነው ብላ ሁለት ሳምንት በተልባ ስታታልለው ዐይኗ ቢጫ ሆነ። ሐኪሞቹ ቆሽቷ ላይ ካንሰር አገኙ፤ ጉበቷንም ይዞታል። በኅዳር መጀመሪያ ወደ ቤት መልሰዋት፣ ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር አልጋ ተከሉላት። ቃልኪዳን ነርሲንግ ትማር ስለነበር ሴሚስተሩን ትታ መጣች። መድኃኒቱንም አልጋውንም የያዘችው እሷ ናት። ጀማነህ ምን እንደሚይዝ ስለማያውቅ የሚስቱን እግር ይይዛል።

ቅዳሜ ዕለት ቄስ ወልደየሱስ ጸበል ይዘው መጡ። ጸሎት አደረሱላት፤ መስቀላቸውን ተሳለመች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ዝቅ ባለ ድምፅ "ነገ እሑድ ቅዳሴ አለ፤ ሥጋ ወደሙን እዚሁ ይዤልሽ እመጣለሁ። ተዘጋጂ" አሏት።

ማንያህልሻል ወደ ባሏ ዞረች። "ለሁለታችን ነው የምፈልገው አባ" አለች። ስድስት ዓመት የጠበቀችው ነገር ነው፤ ሌላ የለመነችው የለም።

ቄሱ ጀማነህን አዩት። "የሚከለክልህ ነገር አለ ልጄ?"

ይሄኔ ነበር። እኚህ ሰው ከፊቱ ተቀምጠው፣ ቃላቱን አፉ ላይ አድርገውለት ነበር። አሳማ አለኝ ቢል ሁለት ቃል ነው። ጀማነህ ምንጣፉን እያየ "ጥቂት ቀን ይስጡኝ አባ። የምጨርሰው ነገር አለኝ" አለ። ቄሱ ሊጠይቁት አስበው ቃልኪዳንን ሲያዩዋት ተዉት፤ የነፍስ ጉዳይ ልጅ ፊት አይወራም። "እንግዲያው ዓርብ የኅዳር ሚካኤል ነው። ቀድሰን እመጣለሁ። እስከዚያ ስልኬ አለህ" ብለው ተነሡ።

ቄሱ ሲሄዱ ማንያህልሻል ባሏን በእጇ ጠራችው።

"ጀማነህ፣ ዓርብ ሩቅ ነው" አለችው።

"ንጹሕ ሆኜ ልግባ ብዬ እኮ ነው። ስድስት ዓመት ጠብቀሽ፣ ለአምስት ቀን ብዬ ላበላሽብሽ?"

"እሺ" አለች። "ቶሎ በል።"

ቃልኪዳን እንግሊዝኛው ይቀናታል፤ ግን ሁሉም ገብቷት ነበር። ወጥ ቤት ድረስ ተከትላው መጣች። "ዳድ፣ ጀስት ኮል ሂም" አለችው፤ ለቄሱ ደውልላቸው ነው። "ፕሊዝ። ኮል ሂም ቱናይት።"

"አንቺ አይገባሽም" አላት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ጀማነህ ዛሬ መለስ ብሎ አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል። ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተኝታለች፤ እሱ በረት ውስጥ ነው። እሑድ ስልክ ሲደውል ዋለ። ሰኞ ለአንድ ሜክሲኮ ቤተሰብ ሁለት ሸጠ። ማክሰኞ የከብት መጫኛ ትሬለር ተከራይቶ በረቱ ደጅ አቆመ። ረቡዕ የከብት ጨረታ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ አሥራ ስድስት አሳማ ጫነ። አሳማ ትሬለር አይወድም፤ ወገቡ እንደዚያ ሆኖ አንድ በአንድ በሰሌዳ እየገፋ ነው ያስገባቸው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ተራው አልደርስ አለ፣ ሲመለስ ጨልሟል። ወደ ሳሎን ከመግባቱ በፊት ታጠበ፤ ሁለት ጊዜ ታጠበ። ሲገባ ማንያህልሻል ተኝታ ነበር። ቃልኪዳን "ሺ ወዝ አስኪንግ ፎር ዩ" አለችው። ስትጠራህ ነበር ማለቷ ነው።

የቀሩት "ወይዘሮ" እና "እመቤት" ነበሩ። "እመቤት" ልትወልድ አሥር ቀን ቀርቷታል። ሐሙስ ጠዋት ዴል ሰባ ሰባት ዓመቱን ይዞ፣ እያነከሰ፣ በፒክአፑ መጣና ሁለቱንም መልሶ ወሰዳቸው። ዴል ሲሄድ ማንያህልሻል ወደተኛችበት ሳሎን በጣቱ ጠቆመው። "ግባ፣ ከእሷ ጋር ሁን" አለው። "ወለሉን አጥቤ" አለው ጀማነህ።

ወለሉን አጥቤ። ባዶ በረት ነው እኮ። አንድም አሳማ የለም። ከዚያ ወለል ላይ የሚቆርብ ሰው የለም። ግን ጀማነህ ነገሩን በጀመረው ልክ ካልጨረሰ የማይሆንለት ሰው ነው፤ አጥባለሁ ብሏል፣ ለራሱ ብሏል። ቡት ጫማውን አድርጎ፣ ሲሚንቶውን በሽቦ ብሩሽ እየፈተገ፣ ቱቦውን እየለቀቀ ከግድግዳ ወደ በር ወረደ። ሊጨርስ ነበር። ልቡ ከስድስት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ቀለል ብሎት አያውቅም። ነገ በዚህ ሰዓት እያለ ያስባል። ልብሱን እያሰበ ነው፤ ነጠላው የት እንዳለ እያሰበ ነው።

ቃልኪዳን በካልሲዋ ነው የመጣችው። ውሃው ውስጥ ቆመች።

"ዳድ" አለች።

ቱቦውን ሳይዘጋ ሮጠ። ጫማውን ሳያወልቅ ሳሎን ገባ፤ ያን ቀን ማንም ስለ ምንጣፉ አላሰበም። ማንያህልሻል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ከዚያ መስኮት በረቱ ይታያል። ትንፋሿ ሲያቆም እያየችው ይሁን አይሁን ቃልኪዳን ልትነግረው አልቻለችም። እጇ ሙቀት ነበረው። ያዘው። እጁ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። ቱቦው ሲፈስ ውሎ ማታ ላይ ዴል መጥቶ ዘጋው።

ዓርብ የሚካኤል ቅዳሴ ሲያልቅ ቄስ ወልደየሱስ መጡ፤ የመጡት ግን ለፍትሐት ነገር ነው።

ለለቅሶው ሰው ጎረፈ። ከዋይንላንድ ፓርክም ከግሮቭፖርትም፣ ሥራ አስፈቅዶም ሺፍት ቀይሮም መጣ። ወንበር ጠፍቶ በረንዳው ላይ ቆሙ። ሴቶቹ ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ እያመጡ፣ እያቀረቡ፣ እየበሉ ዋሉ። ጀማነህ አጎንብሶ ይቀመጣል፤ በልቡ ግን እነዚህ ሰዎች ምን ቤት ውስጥ እንደሚበሉ ቢያውቁ ይላል። በሦስተኛው ቀን እትዬ ንግሥት፣ በቤተ ክርስቲያን ከማንያህልሻል ጎን የሚቆሙት አሮጊት፣ አጠገቡ ተቀመጡና በረቱን በመስኮት እያዩ "ያቺ 'ወይዘሮ' የምትላትስ አለች?" አሉት።

ጀማነህ ቀና አለ። "እትዬ፣ ያውቁ ነበር?"

"ያላወቀ ማን አለ ልጄ። ስንት ጊዜ አጫውታናለች። አሥራ አንድ ወለደች፣ አንዱን በአፍንጫው እፍ ብዬ አዳንኩት እያለች። ስትስቅ ታስቀን ነበር።"

"ማንም አልተናገረኝም።"

"ምን ብለን? ልጅህን አስተማርክበት፤ ቤትህን ያዝክበት። አንዳንዱ ማማቱ አይቀርም፣ ያማል። አንተ ካልነገርከን እኛ ምን አገባን ብለን ነው።"

ጀማነህ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ። ሰው ለሚስቱ የሚያለቅስ መሰለው። ለሚስቱም ነበር።

አርባዋ ከወጣ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ቃልኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችውና መኪና ውስጥ ጠበቀችው። ቄስ ወልደየሱስ በአዳራሹ ጥግ ሁለት ወንበር አኑረው ተቀበሉት። ጀማነህ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፤ ወገቡ እያመመው ተንበረከከ። ስድስት ዓመት አፉ ውስጥ የያዘውን ሁሉ አወጣው፤ በጉ ማለቁን፣ ዴልን፣ አሳሞቹን፣ ጸሎተ ሐሙሶቹን፣ ወለሉን። ቄሱ ሳያቋርጡ ሰሙት።

"በልተኸዋል?" አሉት።

"በልቼ አላውቅም።"

"ከቁርባን የቀረኸው ለዚህ ብቻ ነው? ሌላ የለም?"

"ሌላ የለም አባ።"

ቄሱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። "ማነው በዚህ አትቁረብ ያለህ?"

"ማንም አላለኝም።"

"እኔ ብዬሃለሁ?"

"አላሉኝም።"

ቄስ ወልደየሱስ አዛውንት ናቸው፤ ስንት ነገር የሰሙ ሰው ናቸው፤ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። "እኔ የማውቀውን ልንገርህ" አሉ። "ጥቂት ስግደት፣ ጥቂት ጾም እሰጥህ ነበር። እሱም ለአሳማው አይደለም፣ ለመደበቅህ ነው። ከዚያ ሁለታችሁንም አቆርባችሁ ነበር። ያን ቅዳሜ ብትነግረኝ፣ በማግሥቱ።"

ጀማነህ መሬቱን በሁለት እጁ ያዘ።

"በስልክ ብጠይቅዎስ ኖሮ አባ?"

ቄሱ ሊመልሱለት አልፈለጉም። ይዋሹ ዘንድ ግን አልቻሉም። "በስልክም እነግርህ ነበር" አሉት። ከዚያ ንስሐውን ሰጡት፤ ሲጨርስ እንደሚያቆርቡት ነገሩት፤ መስቀሉን አሳለሙት። ጀማነህ ግን ለብቻው እንዴት ተብሎ ወደዚያ እንደሚኬድ አያውቅም፤ ይህንንም ለመጠየቅ አፉ አልታዘዝ አለው።

ወደ መኪናው ሲመለስ ቃልኪዳን ሞተሩን አስነስታ ሙቀቱን ለቃለት ነበር። ገባ፤ በሩን ዘጋ።

"ሶ?" አለችው። "ኩድ ዩ?" ያኔ ከእናቷ ጋር መቁረብ ይቻል ነበር ወይ ማለቷ ነው።

ቢዋሻት ይሻል ነበር። አልፈቀዱልኝም ነበር ቢላት ልጅቷ ቢያንስ በአንድ ነገር ታርፍ ነበር። ግን መደበቅ በቃው።

"ይቻል ነበር" አላት።

ቃልኪዳን እጆቿን ከመሪው ላይ አወረደችና ሞተሩን አጠፋች።